ጃንጥላውን ያልለቀቀው ዘፋኝ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቅዳሜ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለማራኪ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም፤ ዘፈኑን ወድጄዋለሁ። እንዳትቆጪኝ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ያ ወባ ዳግመኛ አልጎበኘሽም? ተማሪዎችሽስ በክረምቱ አሳረፉሽ? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ነው መውጫ ያሳጣን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ድምፁን ለጎረቤት ሁሉ ከፍታ ስለምታናግርሽ ነው።

ባለፈው ወር ፀጉር ሠሪዋ ሶፊ «ሞቲ ለቀቀ!» እያለች እየሮጠች መጣች። እኔ አንቺን የለቀቀ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ አልበም ነው! ስሙም «ለቅቄሻለሁ» ነው። ያ የግቢያችንን በር ሲበይድ ሳምንት ሙሉ ያንጎራጎረልሽ ሞቲ፣ አሁን ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች በየታክሲው ይዘፍናል። አሥር ዘፈን አለው፤ በአሥሩም ይለቅሻል። አንዱ እንዲህ ይላል፦

ሂጂ ለቅቄሻለሁ፣ አልልም ተመለሽ፤
ዝናቡ ሲጀምር ይሰማኛል ድምፅሽ።

የለቀቀ ሰው ድምፅ ይሰማዋል እንዴ? ደግነቱ ስምሽን አይጠራም። ስለ ሁለታችሁ የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

ችግሩ እማዬ ናት። ዘፈኑን ከሁላችንም በላይ ወደደችው። ሽንኩርት እየከተፈች ትዘፍነዋለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች፤ ያስለቀሳት ሽንኩርቱ ይሁን ሞቲ አይታወቅም። «ይሄን የመሰለ ልጅ ጥላ የሄደችው ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ናት?» ትላለች። አባዬ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ ምን እንደገጠማት በምን አወቅሽ?» ቢላት፣ «እሷማ ልጅ ናት፤ እኔ የምፈርደው እንዲህ አድርጋ ባሳደገቻት እናቷ ነው!» አለች። የጎረስኩት ትን አለኝ።

ይባስ ብላ ለነገ ምሳ ጠርታዋለች። «ጾሙም ተፈቷል፤ ይብላ፣ ይጽናና፣ ስሟንም ይንገረኝ። እናቷ ቤት ድረስ ሄጄ ልክ ልኳን እነግራታለሁ» ትላለች።

ማራኪዬ፣ የባሰም አለ። አምና ጋምቤላ ተመድበሽ «አትጠብቀኝ» ያልሽው ቀን እሱ ጋ የቀረው ሰማያዊ ጃንጥላ የእማዬ ነበር። የታክሲ ረዳት ሰረቀኝ ብላ እስከ ዛሬ የምትረግመው። ሞቲ ክሊፑ ላይ እሱኑ ይዞ ቆሟል! ትናንት ሶፊ በስልኳ ስታሳያት እማዬ ዓይኗን አጥብባ «ይቺ ጃንጥላ የኔን አትመስልም?» አለች። ሰው ፊት አፌን የማልከፍተው እኔ «ቻይና ሁሉንም አንድ ዓይነት ነው የሚሠራው» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እማዬ ግን «እጀታው ላይ የጠቀለልኩትን ቀይ ፕላስተርስ ቻይና ነው የሠራው?» አለች። ነገ ከዘነበ ይዞት ይመጣል። ነሐሴ ደግሞ መቼ ሳይዘንብ ይውላል?

አንቺም በደወልሽ ቁጥር «የግቢው በር እንዴት ነው?» ትያለሽ። በር እንዴት ይሆናል፣ ማራኪ? ቆሟል።

አባዬ ጉልበቱ ተሽሎታል፤ በርቺ ይልሻል። ትንሹ ወንድማችን ማሙሽ የባሮን ዓሣ ላኪልኝ ይላል፤ በአውቶቡስ ሲመጣ ይሸታል ብለው አልሰማ አለኝ። ሶፊ ፀጉርሽን ፀሐይ እንዳያቃጥልብሽ ቅባት ልላክላት ብላለች። እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ለጊዜው።

ነገ ጠዋት እማዬ ከቅዳሴ ሳትመለስ የሞቲን በር አንኳኳለሁ። ምን እንደምል በልቤ እየተለማመድኩ ነው። ጃንጥላውን መልስ ብዬ እጀታውን እይዛለሁ። ቶሎ ከለቀቀ ዘፈኑ እውነት ነው፤ አንቺም ስለ በሩ መጠየቅ ተዪ። ካልለቀቀ ግን አልታገለውም። ጃንጥላውን እንደያዘ ምሳ ይዤው እመጣለሁ፤ ለእማዬም የምትፈልጊያት እናት አንቺ ነሽ እላታለሁ።

ታናሽ እህትሽ ማርያማዊት