ባለቤቴ የሚወደው ነጭ ወይን

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይ? እማዬስ፣ ጉልበቷ ብርዱን ቻለው? የቤቱ ሰው ከትልቅ እስከ ትንሽ ደህና ነው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እህልም እቀምሳለሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

የባለቤቴን ማረፍ በስልክ የነገርኩሽ ዕለት ብዙ አላወራሁሽም። መጨረሻው እንዴት ነበር ብለሽኝ ነበርና ይኸው ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እንደምታውቂው እሱ የሆቴላችን ሼፍ ነበር፣ እኔ ደግሞ አስተናጋጅ ነኝ። ወይን የሚቀዳው ባልደረባችን፣ ‹‹አፍንጫው›› የምንለው፣ አዲስ ጠርሙስ ሲከፍት ሁለታችንንም ያቀምሰን ነበር። ባለቤቴ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ነው፤ ከሁለት ዓይነት የወይን ፍሬ የተቀላቀለ፣ ጣፋጭነት የሌለው፣ ደረቅ የሚሉት። አንቺ ብትቀምሺው ፊትሽን አጨፍግገሽ ‹‹ስኳሩን ረስተውታል›› ትዪ ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነው ያልኩት። እሱ ግን ‹‹አትቸኩዪ፣ አሽትቺው፣ ከዚያ ምላስሽ ላይ አቆዪው›› እያለ አስለመደኝ። አንደኛው ፍሬ ሎሚና የታጨደ ሳር ይሸታል፣ ቆጣ ይላል፤ ሌላኛው ደልደል ብሎ ያበርደዋል። ‹‹እንደ እኔና እንደ አንቺ›› ይለኝ ነበር። ቁጡዋ ማን እንደሆነች አትጠይቂኝ።

የጉሮሮው ሕመም ሲጠናበት ሆስፒታል ተኛ፣ መዋጥም ተከለከለ። አፍንጫው ሊጠይቀው ሲመጣ ያንን ወይን ይዞለት መጣ። ነርሷን ብጠይቃት ምላሱን ማርጠብ ይቻላል አለችኝ። በማንኪያ ጠብ አደረግኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና በሹክሹክታ ‹‹ውሃ ነው›› አለኝ። እታለምዬ፣ ዕድሜውን ሙሉ በምላሱ እንጀራ የበላ ሰው!

ፊቴን አይቶ መሰለኝ ‹‹አንቺ ቅመሺና ንገሪኝ›› አለኝ። ቀመስኩ። ሎሚ አለው አልኩት። ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸታል አልኩት። መጨረሻው ላይ ማር ማር ይላል ስለው ራሱን ነቀነቀና ‹‹ማር አይደለም፣ ሰም ነው›› አለኝ። ደግሜ ብቀምሰው እውነቱን ነው። ብርጭቆው እስኪያልቅ እኔ ስነግረው፣ እሱ ሲያርመኝ ቆየን። አፍንጫው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆመ። በማግስቱ እጁ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈ።

አሁን ሥራ ገብቻለሁ። በቀደም አፍንጫው ሌላ ጠርሙስ ከፍቶ አቀመሰኝና ምን አገኘሽበት አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ‹‹ልክ ነሽ›› አለኝ። ልክ እንዳልሆንኩ አውቄዋለሁ። ሰው ሁሉ ስለሚያዝንልኝ ልክ ነሽ ይለኛል፤ የሚያርመኝ ሰው ግን የለኝም።

ለእማዬ ስታነቢላት ‹‹ውሃ ነው›› ያለውን ዝለይላት፣ ትወደው ነበር። ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺ፣ ሁለቱን ልጆች አገላብጠሽ ሳሚያቸው፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋንም እንዴት ነሽ በያት።

እህትሽ፣
ከሆቴሉ ሠራተኞች መኖሪያ
ኅዳር ፱ ቀን