ነቀዙ ሳይቀድምሽ

አሰላሙ ዐለይኪ ሉብናዬ። አላህ ጅዳ ላይ ክፉ አያሳይሽ፣ ሪዝቅሽን ያስፋልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅሽ ነጃትም አሁን ድናለች። አትደንግጪ፤ ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው።

አባትሽ ሳይነግሩኝ መርሳ ገበያ ወርደው የነቀዝ ክኒን ገዙና ማሽላው ጎታ ውስጥ ጨመሩ። ልጅቷ ደግሞ የምትተኛው ጎታው ሥር ነው። ሰኞ ጠዋት አስመለሳት፤ እጄ ላይ ዝልፍልፍ ስትልብኝ አዝያት ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ሐኪሙ "የክኒኑ ጋዝ ነው የመረዛት፤ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አትተርፍም ነበር" አለኝ።

ልጅቷ ስትድን ማሽላውን አንድ ፍሬ ሳላስቀር ቀበርኩት። አባትሽ "ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁ" አሉኝ። "እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እህሏን በአመድ አይደል ያቆየችው!" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። አንቺም በስልክ "ኬሚካል የነካው አትብሉ" ስትዪኝ ስቄብሽ ነበር፤ አፉ በይኝ።

ትናንት አባትሽ ለወንድምሽ ለሚስባህ "ሉብና እስክትመጣ እንዲቆይላት ብዬ ነበር" ሲሉት ሰማሁ።

ልጄ፣ ደውለሽ እንዳትቆጫቸው። ከሚስባህ ማሳ አንድ ጆንያ ማሽላ በአመድ አሽቼ አስቀምጬልሻለሁ። አመድ ግን እንደ ክኒኑ ብዙ አያቆይም። አላህ በሰላም ያገናኘን፤ ነቀዙ ሳይቀድምሽ ነይልኝ።

እናትሽ አሚና