ሁለት ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት በር

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለጋሼ በርናባስ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? የዚያ አገር ሙቀትና ወባ ለቀቅ አደረገህ ወይ? ባለቤትህ ሊሊስ ከክሊኒክ ሥራዋ ጋር እንዴት ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ወጥቶልን ካፖርታችንን ሰቅለናል፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። የትናንቱን ቴክስትህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በስልክ እንዳልመልስልህ ኔትዎርካችሁ ወሬ አያስጨርስም፣ የእኔን ወሬ ደግሞ ታውቀዋለህ። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ፣ ዛሬ ሺፍትም ስለሌለኝ፣ በወረቀት ልዘርግፈው ብዬ ነው።

የመጋቢቱ ደብዳቤህ አሳዝኖኝ ነበር። ያለህባት ደቡብ ሱዳን ነፃ ከወጣች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከኔ ልጅ ከብሩክታዊት ታንሳለች፤ እሷም እኮ ገና ጠባይ አልያዘችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን የጻፍከው ከባድ ነው። የተቃጠለው ትምህርት ቤት ጣራ ለብሶ፣ መጽሐፍ መጥቶ፣ ሰው መስማማት አቃተው። ጦርነቱን እዚያው ሆነው ያሳለፉት ነባሮቹ ‹‹እኛ የጠበቅነው ነው›› ሲሉ፣ ከስደት የተመለሱት ‹‹የተማርነው እኛ ነን›› ሲሉ፣ አንተ እኩል ላድርግ ብለህ ኮሚቴውን ስድስት ስድስት ከፈልክ። ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ጸሐፊ። ይባስ ብለህ ሰበካ ጉባኤ እያለህ የምጽዋት ሣጥኑን ስትቆልፍ በለመድከው ዓይነት የመጽሐፍ መጋዘኑን በሁለት ጓጉንቸር ቆልፈህ ለየወገኑ አንድ አንድ ቁልፍ ሰጠህ። ከዚያ ሁለቱ ሊቀመናብርት በግቢ አጥር ምክንያት ተኳረፉ፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ እየቀረ መጽሐፉ አምስት ሳምንት ተቆልፎበት ከረመ። ‹‹እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እንጂ አገር መሥራት አልችልም፤ በሐምሌ ለቅቄ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ አንቺም ነይና እንገናኝ›› አልከኝ። ማዘኑን አዘንኩ፤ ግን ከተያየን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናልና በማግስቱ ሮጬ የሐምሌን ዕረፍት ጠየቅሁ። ተፈቀደልኝም።

አሁን ስለ ኛቦል ልንገርህ። እዚህ ቶርንክሊፍ ፓርክ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር የደቡብ ሱዳን ሴት ናት፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። በልጅነቷ ጋምቤላ ኢታንግ ስደተኛ ካምፕ ስላደገች አማርኛዋ ከልጄ ይሻላል። ላንድሪ ቤት ልብስ እያጠብን የአንተን ጣጣ ሳወራላት ሳቀችብኝ። ‹‹እናንተ ሐበሾች መቆለፍ ስትወዱ። ወንድምሽ የቤተ ክርስቲያን ብር መሰለው እንዴ? ብር ዓመት ቢቆለፍበት አይደነቁርም፣ ልጅ ግን ይደነቁራል›› አለችኝ። ተናድጄ ልብሴን ከነውኃው ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሳትቆይ የባሌን የተክለ ማርያምን አንድ እግር ካልሲ ይዛ በሬን አንኳኳች። ገብታ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። በካምፑ መጋዘን የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ መጽሐፉን በየጎጆው ነበር የሚያድሉት፣ ለአንድ ቤት አንድ ብቻ። ለእነሱ ቤት የደረሰው እንግሊዝኛው ነው። ሳይንሱ እናቷ ከማትነጋገራቸው ሰዎች ቤት ገባ። ፈተና ሲደርስ እናቷ ሦስት ቀን ስታጉረመርም ቆይታ በመጨረሻ በሳህን ዱባ ይዛ ልጇን እዚያ ቤት ወሰደቻት። ‹‹ታርቀው እንዳይመስልሽ፤ ግን ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ›› አለች።

ይህንኑ በሊሊ የክሊኒክ ስልክ እየተቆራረጠ በድምፅ ላክሁልህ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጭጭ አልክ። አሥረኛ ክፍል ያቆመች እህቴ ደግሞ ትምህርት ልታስተምረኝ ነው ብለህ የተቀየምክ መሰለኝ።

ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ቴክስትህ የገባው። ‹‹መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ጓጉንቸሮቹን ለጎረቤታችን ለአብዱልቃድር የዶሮ ቤት ሰጠነው፤ ሒሳቡ ነባሮቹ ቤት፣ እንግሊዝኛው ተመላሾቹ ቤት ነው፤ ሁለት መጽሐፍ ጠፍቷል፣ አንዱን ፍየል በልታዋለች፤ ትልልቆቹ አሁንም አይነጋገሩም፣ ልጆቻቸው ግን ከአንዱ ግቢ ወደ አንዱ ይመላለሳሉ፤ ለእኛም ቤት የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ደረሰን›› ይላል። በሳቅ ሞትኩ፣ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ። ለኛቦል ኮል አድርጌ ሳነብላት ‹‹ፍየሏ የማን ናት?›› አለችኝ። ‹‹ቶሎ አጣሩ፣ የሚቀጥለው ጠብ እሷ ናት›› ብላሃለች፤ ቀልዷን አይደለም።

ስለ ሐምሌ ግን አንድም ቃል አልጻፍክም። መግደርደር አያስፈልግህም፣ ገብቶኛል። እንግዳ ሰው ቤት መጽሐፍ አያስቀምጡም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሳይንስ ሊያነቡ የሚመጡበትን ቤት ዘግተህ ና ብዬ እንዴት አባቴ እለምንሃለሁ? ቅር አላለኝም ብል ውሸታም ነኝ። ተክለ ማርያም ዕረፍትሽን ሰርዢው ሲለኝ ግን እምቢ አልኩት። አንተ ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ፤ አዲስ አበባ ከደረስኩ ጁባ በአውሮፕላን ቅርብ ነው። ‹‹በዝናብ?›› ብሎ አፈጠጠብኝ። ከጁባ ወዲያ ያለውን ጭቃ አንተ ታውቀዋለህ፣ መኪና ፈልግልኝ።

ሊሊን ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ ጫማዋ ስንት ቁጥር እንደሆነ ትላክልኝ። አብዱልቃድርን ከነዶሮዎቹ ሰላም በልልኝ። ሁለቱን ሊቀመናብርት ለየብቻ ሰላም በልልኝ፣ ሰላምታው ግን እኩል ይሁን። ተክለ ማርያም ወገብህን እንድትጠነቀቅ ብሏል። ብሩክታዊት ‹‹ሃይ በይልኝ›› ብላለች፣ ከዚያ በላይ አማርኛ አላገኘሁባትም። ኛቦልም ሰላም ብላሃለች። ልጆቹ ሲያነቡ የምቀመጥበት አንድ በርጩማ ብቻ አዘጋጅልኝ፤ ዝም ብዬ አያችኋለሁ፣ ከቻልኩ።

እህትህ ፍቅርአዲስ

ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.