ዝሆኑ የሚጫወትበት ዓይነት ቤዝ

ጥቅምት 3
ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጭር ብሎ ዋለ። ማሽኑን ጠረግሁ፤ መልሼ ጠረግሁ። ጣቶቼ ግን ጠረጴዛውን ይደበድባሉ።
የእህቴ ልጅ መጣች። “አጎቴ፣ ምን ነካህ? በር የምታንኳኳ መሰልክ።”
“ባል እየፈለግሁልሽ ነው፤ የሚከፍትልኝ አጣሁ።”
በቦርሳዋ መታችኝና ስልኳን አሳየችኝ። በእጅ የተሠራ አሮጌ ቤዝ ጊታር፣ የሚሸጥ። “ዝሆኑ” የሚሉት ዝነኛ ቤዝ ተጫዋች የሚጫወትበት ዓይነት! የዝሆኑን ካሴት እየሰማሁ ነው ቤዝ ብቻዬን የተማርኩት። መምህሬ ነው፤ እሱ ግን አያውቀኝም።

ጥቅምት 4
የደንበኛን ወረቀት ሦስቴ ገልብጬ አተምኩ። ልቤ የት ነው ያለው?

ጥቅምት 6
ቤዙን ሠርተው የሚሸጡት ሰው ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወለሉ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሸፍኗል። ቤዙን እንድነካው እንኳ አልፈቀዱም።
“ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል አልሸጥም። ቅዳሜ መጥተህ ተጫወት፤ እጅህን ልይ። እሑድ ከሰዓት ሌላ ፈላጊ አለ።”
ሌላ ፈላጊ... ማን ይሆን?

ጥቅምት 8
ሞተር ብስክሌቴን ሸጥኩ። “አሁን ቤዙን ጋልበህ ልትሄድ ነው?” አለች የእህቴ ልጅ።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ
አፍሬ ተመለስኩ።
ቤዙን እንደያዝኩ፣ እንደ ልማዴ ክሮቹን ማጥበቅ ጀመርኩ። ሽማግሌው ዘለው ተነሡ። “ተው! አንገቱን ልታጎብጥብኝ ነው? ተቃኝቷል እኮ!”
“ይህ ቅኝት አይደለም፤ ወርዷል።”
“ማን አስተማረህ?”
“ካሴት።”
ሳቁ። “ቴፕህ ይፈጥን ነበራ! ሁሉንም ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገህ ነው የለመድከው።”
ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ለካ ከእህቴ ልጅ ኪቦርድ ጋር ገጥሜ የማላውቀው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ “ኪቦርድሽን ጉንፋን ይዞታል” እያልኩ ሳሾፍባት...
በትክክለኛው ቅኝት ልጫወት ሞከርኩ። ጆሮዬ እምቢ አለ። ጣቴ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይሸሻል። መሐል ላይ ቆምኩ።
“ነገ ጠዋት ተመልሰህ ሞክር” አሉ። “ከዚያ በኋላ ለሌላው ነው።”
ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። “ኪቦርድሽን ይዘሽ ነይ። ጉንፋኑ የኔ ነበር።” በሳቅ ስልኩን ልትጥለው ነበር።

ጥቅምት 11
አብረን ሄድን። እሷ ኪቦርድ ላይ፣ እኔ ቤዙ ላይ። ቀስ ብለን። ሁለቴ ሳትኩ፤ “ወደ ታች፣ አጎቴ” ትለኛለች በሹክሹክታ።
ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ አላዩንም፤ እንጨታቸውን ይልጋሉ። ምነው አይሰሙም እንዴ? ስል... መላጊያው በኔ ምት መሄድ ጀመረ።
“ውሰደው” አሉ፣ ሳያቆሙ።

ጥቅምት 20
የእህቴ ልጅ ከበሮ መቺ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ለሦስት ተጫወትን። ገጠመ!
ደስታው አቅበጥብጦኝ ምቱን አፈጠንኩት መሰለኝ፣ ከበሮ መቺዋ ጮኸች፦ “ጋሼ፣ ጥለውን ሄዱ እኮ! ይጠብቁን እንጂ!”
ስጫወት የምጠብቀው ሰው መቼ ኖሮኝ ያውቃል?
ጠበቅኋቸው።