ሦስት ጊዜ አዎ ያሉት እናት፦ የወ/ሮ ዋጋዬ ፈረደ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ዋጋዬ ፈረደ ከአባታቸው ከአንጥረኛው ከአቶ ፈረደ አድጎና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርንጎ መሰለ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ወገራ ውስጥ ተወለዱ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከቤተሰባቸው ጋር በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ። ዕብራይስጥ የተማሩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። ያጠፉት አንሶላ ጠርዙ ካልገጠመ እንደገና ይዘረጉት ነበር። ጓደኞቻቸው ሲቸኩሉ፣ "ታማሚ ነው ብለን እናጭበርብረው እንዴ?" ይሏቸው ነበር።

በ1989 አቶ አስረስን አግብተው ሺራንና ጋዲን ወለዱ። ልጆቼ፣ በቀብር ቀን የሰው ገመና ማንሳት ደግ አይደለም፤ ዛሬ ግን አልሸፋፍነውም። ሰውየው ይደበድባቸው ነበር። እኛ ዘመዶቻቸውም ሽማግሌ ሆነን ተቀምጠን፣ "ለልጆችሽ ስትይ ቻይው" አልናቸው። ይህ የእኛ ኃጢአት ነው።

በ1998 ክንዳቸውን ሲሰብራቸው ሁለቱን ልጆች ይዘው፣ በገዛ እግራቸው ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄዱ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከልጆቻቸው ጋር የሚጠለሉበት ቤት።

ሠራተኛዋ ወረቀቷ ላይ እንዳቀረቀረች፣ "ባልሽ ይመታሻል?" አለች። ወ/ሮ ዋጋዬ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። "ለልጆቹስ ትሰጊያለሽ?" ሳብ አደረጉ። "አብረውሽ እንዲኖሩ ትፈልጊያለሽ?" አሁንም ሳብ አደረጉ። ይህ በእኛ ዘንድ አዎ ማለት መሆኑን ለእናንተ አልነግርም። ሴትዮዋ ግን፣ "እናት ለሦስቱም ጥያቄ መልስ አልሰጠችም። አትተባበርም። ልጆቿን መጠበቅ አትችልም" ብላ ጻፈች። ባልየው ግን ሲጠየቅ በዕብራይስጥ አሳምሮ ስለመለሰ "ጨዋና ተባባሪ" ተባለ።

የስምንት ዓመቷ ሺራ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ የአምስት ዓመቱ ጋዲ በሰሜን እስራኤል ለሚኖር ቤተሰብ በአደራ ተሰጠ። ለእናታቸው የተፈቀደላቸው በወር አንድ ሰዓት፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ሠራተኛዋ ባለችበት ነው።

"እኔም እንዲገባኝ በዕብራይስጥ ብቻ አናግሪያቸው" አለቻቸው።

"እህቴ፣ አንቺ እንዲገባሽ ብዬ ልጄን በተውሶ አፍ ላቆላምጠው?" አሉ።

እሱም "ቁጡ ናት" ተብሎ ተጻፈ።

ባላቸውን ፈቱ፤ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ፤ ልጆቼን መልሱልኝ ብለው ስድስት ጊዜ አመለከቱ። ስድስቴም ያችው ሠራተኛዋ የጻፈቻት የመጀመሪያዋ ገጽ ተነብባ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሺራ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ወደ እናቷ መጣች። መዝገቡን አስወጥታ አነበበችና፣ "እማ፣ ስለ እኛ ሲጠይቁሽ ለምን ዝም አልሽ?" አለቻቸው።

"ማን? እኔ? ኧረ በኦሪት! ሦስቴ አዎ አልኳት እኮ!"

ልጆቻቸውን ለምን እንደተነጠቁ ያወቁት ያን ቀን ነው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ። ሺራ ይታረምልን ብላ ቢሮ ብትሄድ፣ አዲሷ ሠራተኛ ፈገግ ብላ፣ "የቆየ ነገር ነው፤ ደግሞ እናንተ ዝምተኞች ናችሁ፣ ባህላችሁ ነው" አለቻት። እስከ ዛሬ አልታረመም። ጋዲም፣ «እናትህ ‹ልጅሽን ትፈልጊዋለሽ ወይ?› ተብላ ዝም አለች» እየተባለ አደገ። ወደ ቤታቸው መጥቶ አያውቅም።

ወ/ሮ ዋጋዬ በኩላሊት ሕመም ሦስት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ማርች 12 ቀን 2024 በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ሺራን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ጋዲን ትተውልናል። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛንም ስለ ዝምታችን ይጠይቀን።

ጋዲ፣ ዛሬ ጠዋት ከሰሜን መድረስህን ሰምተናል። አማርኛውን ስላላስተማሩህ ይህን ሺራ ትተርጉምልህ። እናትህ ፈልገውህ ነበር። ከበሩ ሥር አትቁም፤ ወደ ፊት ና፣ ልጄ። የሙታኑን ጸሎት፣ ቃዲሹን፣ የሚደግምላቸው ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም።