አባቴ ለምርጫው ያሰናዳው ስድብ

ውድ ሩቤን፣

ፎርት ማክመሪ ነዳጅ ማውጫው ሥራ ላይ ስለሆንክ ስልክህ ዝግ ነው። እኔ ደግሞ እስክትወጣ መጠበቅ አልቻልኩም። የምነግርህ ደስታ ነውና አትደንግጥ!

አባቴ በአገር ልጆች ማኅበራችን ሊቀመንበርነት እንደገና ለመመረጥ ምን እንዳቀደ ታውቃለህ። ስለ ሠራው ሥራ ትንፍሽ አይልም፤ ስልቱ የተቃራኒውን ወገን መሪዎች ማብጠልጠል ብቻ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያንተን አባት ዘነበን። መስተዋት ፊት ቆሞ ሲለማመድ እየሰማሁ፣ እሁድ በምርጫው መድረክ ላይ ይህን ከተናገረ የእኔና ያንተ ነገር አበቃለት እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ከምርጫው በኋላ ይመጣሉ ያልናቸው ሽማግሌዎች ሐሙስ ከች አሉልህ! ጋሼ ሁሴን «መልካም ነገር ለምን ይዘገያል?» ብለው ይዘዋቸው መጥተው ነው።

አባቴ ገና በር ላይ «ዘነበ ልኳችሁ ነው?» አለ።

«አዎ፣ እሱ ነው የላከን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ሁሴን።

በቃ! ስለ አባትህ መናገሩን እንዲተው ሊለምኑት የመጡ መሰለው። «ካምፔይን ካምፔይን ነው! የምርጫ ቅስቀሳዬን አልተውም!» ብሎ ለእሁድ ያሰናዳውን ስድብ በሙሉ ለቀቀባቸው። አባትህ ጉረኛ፣ አባትህ አድርባይ፣ አባትህ ስብሰባ ላይ የሚያንኮራፋ። እኔ ኪችን ውስጥ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ጋሼ ሁሴን እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኛ የመጣነው ለምርጫ አይደለም። ልጅህን አርያምን ለዘነበ ልጅ ለሩቤን እንድትሰጠን ነው» አሉ።

አባቴ ወደ ኪችኑ በር ዞሮ አየኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ዳዲ። አይ ላቭ ሂም» አልኩት።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። በመጨረሻ እንደ ደንቡ ቀጠሮ ሰጣቸው፤ «መልሱን እሁድ ትሰማላችሁ» ብሎ ሸኛቸው።

ዛሬ ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል አጠገብ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ደጋፊዎቹ ስድቡን ለመስማት ፊት ፊት ተቀምጠዋል። አባቴ ማይኩን ያዘ፣ አባትህን አየው፣ ላቡን ጠረገ። «ስለ ዘነበ ብዙ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር» አለ። «ግን የልጄን አማት አልሰድብም።»

ሩቤን! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ! አባትህ ሮጦ መድረክ ላይ ወጥቶ አቀፈው። እኔ አለቀስኩ። አባቴ ግን ሌላ የሚናገረው ስላላዘጋጀ ማይኩን መልሶ ወረደ።

በምርጫው አባትህ አሸነፈው። አሁን መኪና ውስጥ አጠገቤ ነው፤ የምጽፈውን በጎን እያየ እንዲህ በዪው ይለኛል፦ «ወንበሬንም ልጄንም ወሰዳችሁ። ቶሎ መጥተህ ካላገባሃት ስድቡን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።»

ቶሎ ና የኔ ጌታ።

ያንተው አርያም