የልጆች በሽታ በአርባ ሦስት ዓመቴ

ማክሰኞ፣ ማርች 14 ቀን 2006፣ ኦሮራ

የቆዳዬ ምርመራ ውጤት ዛሬ ደረሰ። እግሬ ላይ የወጣውን ቀይ ነጠብጣብ ባለቤቴ ትዕግስት «ትኋን ነው» ብላ ሶፋችንን አስጥላኛለች። ዶክተሯ ግን የደም ስሮች መቆጣት ነው አለች። የበሽታውን ስም ስትጠራ የመጀመሪያው ቃል «ሄኖክ» ሆነ። ትዕግስት ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣ «የትኛው ሄኖክ ነው ያስያዘህ?» አለችኝ። የሐኪም ስም እንደሆነና በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ አስረዳኋት። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ልጆችን ነው ሲባል ግን ምንም አልገረማትም።

ከዚያ ዶክተሯ፣ ልጆችን ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃቸዋል፣ አዋቂ ላይ ግን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል አለች። ሽንቴ ውስጥ ትንሽ ደም ተገኝቷል። ፕሬድኒሶን የሚባል መድኃኒት አዘዘችልኝና የሃያ አራት ሰዓት ሽንቴን የማጠራቅምበት ብርቱካንማ ጀሪካን ሰጠችኝ። ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ትዕግስት ጀሪካኑ ላይ በትልቁ «እንዳትነኩ» ብላ ጽፋ ከወተቱ ጎን አቆመችው። እራት ላይ ልጃችን ሳራ ብርጭቆ ይዛ ፍሪጁን ከፈተችና፣ «ዳዲ፣ ይሄ ጁስ ነው?» አለችኝ። አማርኛ ማንበብ እንደማትችል ትዝ ያለን ያኔ ነው። በሽታው ያሳበጠውን ጉልበቴን ረስቼ ሮጥኩ።

አሁን በእንግሊዝኛም ጽፌበታለሁ። ነገ ከሰዓት ላብራቶሪ አደርሰዋለሁ። ስለ ኩላሊቴ ምን እንደሚሉኝ እንጃ...